የመታጠቢያ ቤት ማጽጃን በቤት ውስጥ ማዘጋጀት፦ ከአቼቶ እስከ እንዶድ

የመታጠቢያ ቤት ማጽጃ በቤት ውስጥ ስለማዘጋጀት በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ አቼቶ አፍስሱበት፣ አረፋው ሲነሣ ፈትጉት ይባላል። አረፋው ዓይን ይስባል፣ ድምፁም ሥራ እየተሠራ ያለ ያስመስላል። ይሁንና አቼቶ አሲድ፣ ሶዳ ደግሞ የአሲድ ማርከሻ በመሆኑ ሁለቱ በአንድ ዕቃ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ፤ የሚተርፈውም ጥቂት ጨው መሰል ነገር የሟሟበት ውሃ ነው። አቼቶው የድንጋይ ቅርፊት የማሟሟት ኃይሉን፣ ሶዳውም ቅባት የማስለቀቅ ጠባዩን አጥተው ገንዘብዎ በአረፋ መልክ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ግሩም ማጽጃዎች ናቸው፤ ግን የሚያነሡት ቆሻሻ የተለያየ ስለሆነ በየተራ እንጂ በአንድነት ሊሠሩ አይገባም።

ስለዚህ ጠርሙስና ማንኪያ ከማንሣትዎ በፊት ግድግዳውንና ሲንኩን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። በሻወሩ ራስና በቧንቧው አፍ ዙሪያ ተጋግሮ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ኖራ የሚረግፈው ነጭ ነገር ውሃው ይዞት የመጣው ማዕድን ነው፤ የሚፈልገውም አሲድ ነው። በሴራሚኩ ላይ እንደ ጭጋግ ተኝቶ በጣት ሲነካ የሚያዳልጠው ግራጫ ሽፋን ከሳሙናና ከሰውነት ቅባት የተሠራ ነው። በጣሪያው ማዕዘንና በሲሊኮኑ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ሲሆን፣ ከብረት ማጠራቀሚያ ወይም ካረጀ ቧንቧ በመጣ ውሃ ሥር የሚሠራው ቡናማ ጅራት ዝገት ነው። እነዚህን ለይቶ ያወቀ ሰው ማጽጃውን ለመምረጥ ብዙም አይቸገርም።

ነጩ ቅርፊት በሁሉም ቤት እኩል አይወፍርም። የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲጓዝ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሟሟል፤ ውሃው ሲሞቅ ወይም ሲተን ካልሲየሙ ካርቦኔት ሆኖ ባለበት ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚመጣው ይልቅ ለስላሳ፣ ማለትም እንዲህ ያለ ማዕድን ያነሰበት ነው። የድሬዳዋና የመቀሌ ነዋሪ ግን የሻይ ማንቆርቆሪያውን ውስጥ አይቶ ስለሚያውቀው ነገሩን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በማንቆርቆሪያው የሚጋገረውና በሻወሩ ራስ የሚጋገረው አንድ ነው።

ምን ምን ይዘጋጅ?

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ከወጥ ቤት የማይጠፉ ናቸው። የመጀመሪያው አቼቶ ወይም ኮምጣጤ ነው፤ ነጩን ይምረጡ፣ የአሲድ መጠኑም 5 በመቶ ገደማ መሆኑን ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ። ቀይና ቡናማ ኮምጣጤ በሴራሚክ መገጣጠሚያዎች ላይ ቀለም ሊተው ይችላል። ሁለተኛው ሎሚ ነው፤ ጭማቂው ከአቼቶ ጋር የሚቀራረብ ጉልበት አለው፣ ዝገትን በማስለቀቅ ረገድ እንዲያውም ይበልጠዋል። ሎሚ በተወደደ ጊዜ ለሰላጣ የተጨመቀውን ልጣጭ አስቀምጦ መጠቀም ይቻላል፤ ዶሮ የታሸበትን ግን ወደ መታጠቢያ ቤት አያምጡት፣ የጥሬ ሥጋ ተሐዋስያንን በእጅ መታጠቢያ ላይ መቀባት ይሆናልና።

ሦስተኛው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ከቤኪንግ ፓውደር ጋር ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፓውደሩ ለዳቦ ማስነሻ ተብሎ ደረቅ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ለማጽጃነት አይረባም። ከዚህ ሌላ ደቃቅ ጨው፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና (በተለምዶ ላርጎ የምንለው)፣ የተነፋ የእንጨት አመድ፣ የእንዶድ ዱቄት እና ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያዘጋጁ። ላርጎው የተፈጥሮ ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ነገር ግን ጥቂት ጠብታው ብዙ ሥራ ስለሚያቀልል እኔ ከዝርዝሩ አላወጣውም። ለመሥሪያ ደግሞ የጎማ ጓንት፣ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ስፖንጅ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ሦስት አሮጌ የጥጥ ጨርቆች እና አንድ ወፍራም ፌስታል ይበቃሉ።

በእስራኤልና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎች በአቼቶው ፈንታ የሎሚ ጨው የሚባለውን ነጭ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት በየሱቁ ያገኙታል፤ በዕብራይስጥ መላሕ ሊሞን፣ በዓረብኛ ሚልሕ ለይሙን ይሉታል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ቢሟሟ የአቼቶን ያህል ይሠራል፤ ቤቱንም የሰላጣ ሽታ አያሸትተውም።

አሲድ የማይነካቸው

ተከራይቼ በነበርኩበት ቤት የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ነጭ እብነ በረድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በላዩ ያለውን ቢጫ ምልክት ለማስለቀቅ የሎሚ ጭማቂ አፍስሼበት ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስመለስ ምልክቱ አለ፤ በዙሪያው ደግሞ ጭማቂው እስከ ደረሰበት ድረስ ድንጋዩ ወዙን አጥቶ ገርጥቷል። የሚለቅ መስሎኝ ደጋግሜ በውሃ አጠብኩት፣ ሲደርቅ ያው ነው። አከራዬ መጥተው ጣታቸውን አሳለፉበትና "ልጄ፣ ድንጋዩን እኮ በላሽው" አሉኝ። ቃላቸው በጥሬው ትክክል ነበር፤ እብነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ሎሚው ነጩን ቅርፊት እንደሚበላው ድንጋዩንም በልቶታል፣ የተበላው ደግሞ በማጠብ አይመለስም።

ከዚህ የተነሣ አቼቶ፣ ሎሚም ሆነ የሎሚ ጨው በእብነ በረድ፣ በሊሾ ሲሚንቶ ወለልና በቴራዞ (የእብነ በረድ ስብርባሪ በሲሚንቶ ተይዞ የሚሠራ ወለል) ላይ አይፈስስም። የሴራሚክ መገጣጠሚያ መስመሮችም በአብዛኛው ሲሚንቶ ስለሆኑ አሲዱ ሲነካቸው ከ10 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፤ አሲድ ከመርጨትዎ በፊት መስመሮቹን በንጹሕ ውሃ ቢያረጥቧቸው ውሃውን አስቀድመው ስለሚጠጡ ጉዳቱ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሶዳና የአመድ ውሃ አሉሚኒየምን ያጠቁራሉ፣ ጨው ደግሞ የፕላስቲክ ገንዳን ይጭራል። አንድን ማጽጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀሙ ከበር ኋላ ባለ አንድ ሳንቲም በሚያህል ቦታ ላይ ሞክረው ሲደርቅ ይዩት።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ሕግ ግን የበረኪና ነው። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል ነው፣ ጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ በጥቂት ትንፋሽ ሰውን ሊጥል ይችላል። ሽንት የተጠራቀመበት ቦታ ላይ በረኪና ማፍሰስም ክሎራሚን የሚባል ተመሳሳይ ጋዝ ያመነጫል። ዛሬ በረኪና የፈሰሰበትን መጸዳጃ ዛሬውኑ በአቼቶ አያጽዱ። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድንም ከአቼቶ ጋር በአንድ ጠርሙስ አይቀላቅሉ።

የሻወር ራስና የቧንቧ አፍ

የቤት ማጽጃን ውጤት በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሻወሩ ራስ ቢጀምር ይሻለዋል። በመጀመሪያ ውሃውን ከፍተው ከየትኞቹ ቀዳዳዎች እንደሚወጣና ከየትኞቹ እንደታገደ ይመልከቱ፤ ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት ውሃ ወደ ጎን የሚረጨው ቅርፊቱ የቀዳዳውን ግማሽ ስለዘጋው ነው። ከዚያም በፌስታሉ ውስጥ ያልተበረዘ አቼቶ አንድ ብርጭቆ ያህል ያፍስሱ፤ የሻወሩ ራስ ትልቅ ከሆነ ሁለት ብርጭቆ ያስፈልጋል። አቼቶውን ቀድመው ለብ ቢያደርጉት ሥራው ይፈጥናል፤ ከፈላ ግን እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ለብ ከማለት አይለፍ።

ፌስታሉን ከታች ወደ ላይ አውጥተው የሻወሩ ፊት በሙሉ በአቼቶው ውስጥ እንዲነከር ካደረጉ በኋላ አንገቱ ላይ በላስቲክ ወይም በገመድ አጥብቀው ይሰሩት። ጆሮዎን ቢያስጠጉ ለስላሳ መጠጥ እንደተከፈተ ያለ ስስ ሹክሹክታ ይሰማሉ፤ አሲዱ ካርቦኔቱን ሲፈታ የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድምፅ ነው። ድምፁ እስኪጠፋ፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት። ቅርፊቱ የዓመታት ከሆነ ሌሊቱን ማሳደር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የወርቅ ቀለም የተቀባ ወይም ክሮሙ መላላጥ የጀመረ ዕቃ ከ30 ደቂቃ በላይ በአሲድ ውስጥ ሊቆይ አይገባም።

ሲፈቱት አቼቶው ደፍርሶ፣ በፌስታሉ ታችም ነጭ ደለል ተቀምጦ ያገኙታል። ቀዳዳዎቹን በጥርስ ብሩሹ ፈትገው ግትር ያሉትን በመርፌ ይውጉ፤ ቀጥሎ የሞቀውን ውሃ ለሁለት ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ በውስጥ የተላቀቀው አሸዋ መሰል ቅንጣት ተመልሶ ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ጠርጎ ያወጣዋል። ለቧንቧ አፍ በአቼቶ የተነከረ ጨርቅ ጠምጥሞ አንድ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። አጭሩ መንገድ የተጨመቀ የሎሚ ግማሽን በአፉ ላይ አንቆ እንደ ቆብ ማጥለቅ ነው፤ አስቂኝ መልክ ቢኖረውም ለዝገትም ለቅርፊትም ይሠራል።

ዝገት በሲንኩ ላይ ጅራት ሠርቶ ከሆነ በቦታው ደቃቅ ጨው ነስንሰው በሎሚ ጭማቂ ያርሱት፤ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው አንድ ሰዓት ካቆዩት በኋላ ያጥቡት። ጨው ብረትን ስለሚያዝግ በክሮም ላይ እንዳይቀር መልሰው መላልሰው ያለቅልቁ። ዝገቱ በየወሩ የሚመለስ ከሆነ ግን ሎሚ መጭመቅ አያዛልቅም፤ የውሃ ማጠራቀሚያውን ወይም የቧንቧውን መሥመር ማስመርመር ያስፈልጋል።

የመጸዳጃው ሳህን

በሳህኑ ውስጥ ውሃው በሚቆምበት ልክ የሚታየው ቀለበት ከውሃ ማዕድንና ከሽንት ጨው የተጋገረ ስለሆነ በፍትጊያ ብቻ አይነሣም። እዚህ የሚያስቸግረው አቼቶውን ቆሻሻው ላይ ማቆየት ነው፤ ዝም ብሎ ቢፈስ ወደ ውሃው ወርዶ ይበረዛል። ስለዚህ ማታ ሰው ሁሉ ተጠቅሞ ካበቃ በኋላ አንድ ባልዲ ውሃ በአንድ ጊዜ ከከፍታ ይልቀቁበት፤ ውሃው ተስቦ ሲወርድ ደረጃው ዝቅ ይልና ቀለበቱ ከውሃ በላይ ይቀራል። ሶፍት እጥፍ እጥፍ አድርገው በቀለበቱ ላይ ዙሪያውን ያልብሱት፣ ከዚያ በላዩ አቼቶ እስኪርስ ድረስ ያፍስሱ። ሶፍቱ እንደ ፋሻ አሲዱን ይዞ ያድራል።

ጠዋት ሶፍቱን በጓንት አንሥተው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጣሉ፤ ብዙ ከሆነ ፍሳሹን ይዘጋል። ቀለበቱ ለስልሶ በብሩሽ ይነሣል፤ የሚተርፍ ካለ በማግስቱ ይድገሙት እንጂ በቢላዋ አይፋቁት፤ የተጫረ ሳህን ከበፊቱ ይበልጥ ቆሻሻ ይይዛል። ሳህኑ በውሃ ከታጠበ በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ነስንሰው በብሩሽ ቢያሹት የቀረውን ሽታ ያጠፋል፤ ሶዳው ከአቼቶው በኋላ፣ ለብቻው ሲመጣ ሙያውን በሚገባ ይወጣል።

ቁጢጥ ተብሎ ለሚቀመጡበት መጸዳጃም ዘዴው ያው ነው፤ ዙሪያው ሊሾ ሲሚንቶ ከሆነ ግን አቼቶው ከሸክላው ሳህን እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ለጉድጓድ መጸዳጃ እነዚህን ሁሉ መተውና በየጊዜው አንድ ሁለት እፍኝ ደረቅ አመድ መበተን ይበልጣል። አመዱ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ሽታውን ይቀንሳል፣ ዝንብንም ያርቃል። በረኪና ወደ ጉድጓድ መድፋት ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተሐዋስያን ይገድላል፤ ከተጠራቀመው ሽንት ጋር ሲገናኝም ቀደም ሲል ያነሣሁትን ጋዝ ያወጣል።

የሳሙና ሽፋን በሴራሚክ ላይ

ይህ ከሁሉም አታላይ የሆነው ቆሻሻ ነው፤ ምክንያቱም ቅባትም ማዕድንም ነው። የገላ ሳሙና በጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን በበዛበት ውሃ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ ጠንካራ ውሃ ባለበት ከተማ ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚለውም በዚህ ነው። አቼቶ ብቻውን ካልሲየሙን ይለያል፣ ቅባቱ ግን ይቀራል። ላርጎ ብቻውንም ቅባቱን ይነካካል እንጂ ከካልሲየሙ ጋር የተቆራኘውን አይፈታም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድነት ማሠራት ይገባል፤ ላርጎ እንደ ሶዳ የአሲድ ማርከሻ ስላልሆነ ከአቼቶ ጋር ተስማምቶ ይሠራል።

አንድ ብርጭቆ አቼቶ ለብ አድርገው በሚረጨው ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩ፤ በላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ጨምረው ሳይንጡት ቀስ ብለው ያገላብጡት፣ ቢናጥ አረፋ ብቻ ይረጫል። መገጣጠሚያዎቹን በውሃ አርጥበው ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ይርጩ፤ ከላይ ከተጀመረ ፈሳሹ በደረቅ ቦታ ላይ ወርዶ የማይለቅ መስመር ይሠራል። 10 ደቂቃ ጠብቀው በስፖንጅ ይሹትና በብዙ ውሃ ያጥቡት። በላርጎ ፈንታ የተፈተገ የልብስ ወይም የገላ ሳሙና መጨመር አይቻልም፤ እውነተኛ ሳሙና አቼቶ ሲነካው እንደተበላሸ ወተት ይቋጠራል፣ የተቋጠረውም ሞራ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

ለእጅ መታጠቢያውና ለገንዳው ደግሞ ሊጥ የሚመስል ማሻ ያዘጋጁ፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ እና ሊጡን ለማለስለስ የሚበቃ ጥቂት ውሃ ማለት ነው። የሚዘጋጀው ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ብቻ ነው፣ ካደረ ይጠነክራል። ሶዳ ለስላሳ ቅንጣት ስላለው የሲንክን ወዝ ሳይጭር ቅባቱን ያነሣል።

አመድና እንዶድ

ቤኪንግ ሶዳ በየሱቁ ከመታየቱ በፊት ሥራውን ይሠራ የነበረው አመድ ነው። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለበት ውሃ ሲነካው ጠንካራ አልካሊ (የአሲድ ማርከሻ) ይሆናል። በወንፊት የተነፋ አንድ ብርጭቆ አመድ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጠው ሌሊቱን ያስቀምጡት፤ ጠዋት ከላይ የጠለለውን፣ ሐመር የሻይ መልክ ያለውን ውሃ ሳይበጠብጡ በጨርቅ ላይ ያንቆርቁሩ። በጓንት ነክተው ቢያሹት ሳሙና ያለበት ያህል ያዳልጣል። በቅባት የጨቀየ የሊሾ ወለል በዚህ ውሃ ተፈትጎ ሲታጠብ ሲሚንቶው አይጎዳም፤ አቼቶ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። ባዶ እጅን ግን ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ቢገባም በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ መታጠብ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ ወይም ቆሻሻ የተቃጠለበት አመድ ለዚህ አይሆንም።

እንዶድ ሌላ ታሪክ አለው። ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረው ይህ ተክል በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል አረፋ ሰጪ ነገር ይዟል። በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምር ጀመሩ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ነበሩ። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በዚያው አቆጣጠር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት በዚሁ ሥራ ነው። ታሪኩ ለማጽጃ አዘጋጁ ሁለት ነገር ያስረዳዋል፤ እንዶድ ያጸዳል፣ ደግሞም ይገድላል።

ለወለል ማጠቢያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የእንዶድ ዱቄት በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈው ከአንድ ሰዓት በኋላ በደንብ መትተው በወፍራም ጨርቅ ያጥልሉት። ዱቄቱ ሲቦንን ስለሚያስነጥስና ዓይን ስለሚያቃጥል ሲቀዱት አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ፈሳሹ በማግስቱ ሽታው ስለሚለወጥ የዕለቱን ብቻ ያዘጋጁ፣ ለእብነ በረድና ለሴራሚክ ወለልም ያለ ስጋት ይጠቀሙበት። የታጠበበት ውሃ በቀጥታ ወደ ወንዝ ወይም ዓሣ ወዳለበት ኩሬ አይለቀቅ፤ ልጆችም እንዳይቀምሱት ይጠበቅ።

ሻጋታና ሽታ

ለጥቁሩ የሻጋታ ነጠብጣብ 3 በመቶውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሳይበርዙ ረጭተው 10 ደቂቃ ጠብቀው በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። ብርሃን ስለሚያበላሸው በመጣበት ጥቁር ጠርሙስ ላይ መርጫውን ገጥመው ይጠቀሙ። ሻጋታው ወደ ሲሊኮኑ ውስጥ ዘልቆ ከሆነ ምንም ማጽጃ አያነጣውም፣ ሲሊኮኑን ቀዶ ማስቀየር ነው። ከታጠቡ በኋላ ግድግዳውን በጨርቅ አድርቆ በሩን መክፈት ከማንኛውም ርጭት ይልቅ ሻጋታን ያርቃል፤ በተለይ መስኮት በሌላቸው የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤቶች።

መስተዋት በእኩል አቼቶና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ በአሮጌ ጋዜጣ ይወለወላል፤ በጠርዙ በኩል ፈሳሽ ከገባ ጀርባው ስለሚጠቁር በቀጥታ አይርጩበት።

ታጥቦ ታጥቦ ሽታው አልለቅ ያለ መታጠቢያ ቤት ብዙ ጊዜ ቆሽሾ አይደለም፤ የወለሉ ፍሳሽ ደርቆ ነው። ከፍሳሹ በታች ያለው የታጠፈ ቧንቧ ውሃ ሲቋጥር የፍሳሽ ጋዙ ወደ ቤት እንዳይወጣ ይዘጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ወይም ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ሲከርም ያ ውሃ ይተንና መንገዱ ይከፈታል። ዕጣን ማጨስ ሽታውን ለአንድ ሰዓት ይሸፍነዋል እንጂ አይዘጋውም። ሁለት ሊትር ውሃ ወደ ፍሳሹ አፍስሰው በላዩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይጨምሩበት፤ ዘይቱ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። ፍሳሹ የዘገመ እንደሆነ ግን አስቀድመው ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ፀጉሩን ያውጡ፤ ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ሶዳ አፍስሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ በሙቅ ውሃ ይልቀቁት። የፈላ ውሃ የፕላስቲክ ቧንቧን ስለሚያለሰልስ እጅ ሊታገሠው ከሚችለው ሙቀት ብዙም አይለፍ።

የታመመ ሰው ባለበት ቤት

አቼቶም ሎሚም የተወሰኑ ተሐዋስያንን ያዳክማሉ፤ ተቅማጥና ትውከት በገባበት ቤት ግን በእነርሱ መተማመን አይገባም። እንዲህ ባለ ጊዜ የተፈጥሮውን ትቼ በረኪና አነሣለሁ። በመጀመሪያ የቆሸሸውን ቦታ በሳሙናና በውሃ ያጥቡ፤ ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ይበላዋልና። ከዚያ ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና በዘጠኝ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ትውከት ወይም ሰገራ የነካውን ቦታ ያርሱትና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ለበር እጀታ፣ ለቧንቧና ለመጸዳጃ መቀመጫ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና በአንድ ሊትር ውሃ ይበቃል። የተበጠበጠው ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ መስኮትና በርም ክፍት ይሁን።

አቀማመጥን በተመለከተ የአቼቶና ላርጎው ድብልቅ በቀዝቃዛ ቦታ አንድ ወር ይቆያል፤ የሎሚ ጭማቂ የገባበት ግን ከሦስት ቀን በላይ አይቀመጥም። ማንኛውንም ማጽጃ በሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ። በረኪናም የአመድ ውሃም በዓይን ሲታዩ ከሚጠጣ ነገር አይለዩም፣ ሌሊት የጠማው ልጅ ደግሞ ክዳን ከፍቶ አያሸትም። የሚረጨው ጠርሙስ ላይ የይዘቱንና የተዘጋጀበትን ቀን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፈው ከሲንኩ ሥር ሳይሆን ልጅ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፤ የበረኪናውንም ጠርሙስ ከአቼቶው በሌላ ቁምሳጥን ያስቀምጡ።